ሲከፈት የሚሠራ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህስ፣ ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ለቀቃት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፤ ትንሿ ጥርሷ ወጣላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እየተጣደፍሁ ነው የምጽፈውና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሾፌሩ ገና ከበርህ ሲደርስ፣ «ላፕቶፑን ከሶኬት ንቀለው፣ ከልጆቹም አርቀው» ብሎ እንዲነግርህ አስምዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ እኔ ልንገርህ።

ያኔ ሁለት ገዝተህ አንዱን ለራስህ አስቀርተህ አንዱን የላክህልን ላፕቶፕ እንጀራችን ሆኖ ነበር። በተማሪ ዩኒፎርም ደረት ላይ የምጠልፈው ምልክት ንድፉ የሚመጣው በሲዲ ስለሆነ፣ እሱ ካላነበበልኝ የጥልፍ መኪናዬ ቆማ ነው የምትውለው። ሥራ ስጨርስ ደግሞ ተራው የእማዬ ነው። የሠርግህን ሲዲ ትከትና ብርድ ልብሷ ውስጥ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ልጄ ሙቀት ላከልኝ» ትላለች። በቅርቡ «ይሄ ነገር ወፈረ ልበል?» ብትለኝ፣ «ምን በልቶ?» ብዬ ሳቅሁ። ጠረጴዛ ላይ እንደ አንካሳ በርጩማ ሲወዛወዝብኝም ቁራጭ ጨርቅ አጥፌ ከሥሩ ወሸቅሁበት።

ባለፈው ሳምንት ሲዲ ማንበቡን አቆመ። መሳቢያው ይወጣል፣ ይገባል፤ ላፕቶፑ ግን ሲዲ ማጫወቻ የሚባል ነገር እንዳለው ጭራሽ ካደ። ሲዲውን ብወለውለው፣ አጥፍቼ ባበራው፣ ወይ ፍንክች! ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርሙን አድርሺ እያለ ሲያጣድፈኝ ጊዜ ጠጋኙን ጠራሁት። «ጆሮ» ነው የምንለው፤ ማናቸውንም ዕቃ ሳይፈታ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ስለሚያዳምጥ።

ትናንት ረፋድ ላይ መጣና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው። አንዲት ብሎን ፈትቶ ማጫወቻውን ሙሉውን መዝዞ አወጣና ይዞት በመጣው ሌላ ላፕቶፕ ውስጥ ሲሰካው ሲዲዬ ሽር ብሎ ዞረ። «ማጫወቻው ጤነኛ ነው፤ የታመመው መሰኪያው ነው» አለ። በዚያው በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን አንሥቶ አሳየኝ። መሰኪያዋ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያላት ቀጭን ነገር ናት፤ አንዱ ጫፏ ከቦርዱ ተነሥቷል። መበየጃውን አግሎ አጣበቃት። አነበበ! ክዳኑን ገጥሞ ብሎኑን ሲያጠብቅ ግን ጠፋ። ፈታው፣ አነበበ። ዘጋው፣ ጠፋ። እማዬ «እንደ ሞልቃቃ ልጅ እጅ እጁን ካላዩት አይሠራም ማለት ነው?» ብላ አሳቀችን። ጆሮ ግን አልሳቀም። «ሲዘጋ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ» አለና ከሶኬት ነቅሎ ትልቁን ክዳን ፈታው።

ወንድም ጋሼ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ባትሪው ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ ትራስ ተነፍቷል። ቦርዱን ወደ ላይ ደግኖታል፤ መሰኪያዋንም ከቦታዋ ያላቀቃት እሱ ነው። ጆሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይውጡ» አለ። ከዚያ የእንጨት ማስመሪያዬን ተቀብሎ፣ ሕፃን ከአልጋ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ አድርጎ ባትሪውን አነሣና በር ላይ በነበረ የአሸዋ ባልዲ ከትቶ ይዞት ሮጠ። ግቢው መሐል እንዳስቀመጠው ጢስ አለ፣ ፉጨት አወጣ፣ ከዚያ ነበልባሉ ከባልዲው በላይ ቦግ አለ። የፕላስቲክ ሽታው አሁንም ጉሮሮዬ ውስጥ ነው።

እማዬ የበሩን መቃን ይዛ እሳቱ እስኪከስም አየችና፣ «ይሄን ነው ታቅፌ የከረምኩት?» አለች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ያቺ መሰኪያ ባትላቀቅ ኖሮ ማን ይከፍተው ነበር?

አሁን ላፕቶፑ ያለ ባትሪ፣ በሶኬት ብቻ ይሠራል። ክዳኑም ተዘግቶ ሲዲ ያነባል። እማዬ ግን አጠገቡ አትደርስም።

ወዲያው ደወልሁልህ። እየተርበተበትሁ ስነግርህ ሳቅህ። «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ! የእኔ ምንም አልሆነም፤ ሲዲ ማንበብ ብቻ ነው ያቆመው። ልጆቹ አልጋቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚተኙት» አልከኝ። መስመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው ይላል። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጆሮ እንዲህ በይልኝ ብሎኛል፦ እንዳትጫነው፣ እንዳትወጋው፣ ኤሌክትሪክ ላይ እንዳትሰካው። ከቤት አውጥተህ የሚቃጠል ነገር የሌለበት ቦታ አስቀምጠውና ባለሙያ ጥራ። አሁኑኑ ተነሥ። ከዚህ በታች ያለው ሰላምታ ነው፤ የትም አይሄድም፣ ስትመለስ ታነበዋለህ።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ። ትልቁን ልጅ አክስትህ ስምህን በሰማያዊ ክር ጠልፋልሃለች በለው፤ ትንሿን አንገቷ ሥር ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን እያስነበበችኝ ነው። «ሰላምታዬን ሾፌሩ ሲመለስ እልክለታለሁ፤ መጀመሪያ የልጆቼን ደህንነት ይንገረኝ» ብላለች።

እህትህ

ከጥልፍ ክፍሌ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ኅዳር ፱