የጓሳው ዳኛ ልጅ

ጥቅምት 12

ትምህርት ቤት ሳስተምር ዋልኩ። ጠመኔ ካለቀ ሳምንቱ… ማን ይሰማል?

አባባ ሲመሽ ከጓሳው፣ አገሩ በጋራ ከሚጠብቀው የጣራ ሣር መሬት፣ ተመለሱ። ሣር ሲሰርቅ የያዙትን ሰውዬ መክረው ሰደውታል። ሁሌ እንዲህ ናቸው። የጓሳ ዳኝነቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስለሆነ አገሩ «ንጉሣችን» እያለ ይቀልድባቸዋል። ደርግ አስቀርቶት ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ሽማግሎቹ የድሮውን ደንብ መልሰው ሾሟቸው።

ታናሼ ወንድምአገኝ ተቆጣ። «ለምን አልቀጡትም?»

«ጣራው እያፈሰሰበት የሚተኛ ሰው አለ እንዴ ልጄ?»

እኔ ሳቅሁ።

ኅዳር 20

አባባ ሞቱ። ጓሳውን ሲጠብቁ ውርጭ ላይ አድረው… ሳንባቸውን መታቸው። አርባ አምስት እንኳ ሳይሞላቸው! አያቴም እንዲሁ በጎልማሳነታቸው ነበር የሄዱት። ምን ያለ ቤት ነው ይሄ?

መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 22

ሠልስት። ወንድምአገኝ ከለቅሶው መሀል ጠፋ። ፍለጋ ብወጣ ጓሳው ጫፍ ላይ ቆሟል። አገሩ ሣር ያጭዳል! ጠዋት እኛ ቤት ደረቱን ሲደቃ የነበረው ሰው። ዳኛው ሞቷል፣ አዲስ እስኪሾም ከልካይ የለም ብለው ነው። ይመኙሻልም አለችበት። ባሏ ሲሞት አባባ ጎጆ ያቆሙላት፣ ትናንት እሳቸውን እያነሳች ሙሾ ስታወርድ የነበረችው… አያሳፍርም?

ወንድሜ አላለቀሰም። «ይወዷቸው ነበር አይደል እትዬ?» አለኝ።  እጁን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት።

ጥር 2

ዳኝነቱ ለወንድምአገኝ ወርዷል፤ ገና አሥራ ሰባት ስለሆነ፣ የአባባ ታናሽ ወንድም ጋሼ ወዳጆ እንደራሴ ሆነውለታል። እንደራሴ ይበሉት እንጂ አድራጊ ፈጣሪው እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ያስቀምጡትና «አባትህን የገደለው ውርጭ አይደለም፣ ደግነቱ ነው» ይሉታል።

«ኧረ ጋሼ፣ ልጁን ይተዉት።»

«አንቺ ጠመኔሽን ያዢ!»

ክፍል ውስጥ ስለ ነገሥታት ሳስተምር፣ አባቱ በልጅነቱ የሞተበት ንጉሥ አንድም ሞግዚቱ ይገዛለታል፣ አንድም ሲያድግ የሚያምነው ሰው ያጣል እላለሁ። ዛሬ ያን ገጽ ዘልዬ አለፍኩ።

ሚያዝያ 9

ወንድምአገኝ አይስቅም። ከሰው ጋር አይበላም። ልጅ ነው፣ ይተወዋል እላለሁ… ይተወው ይሆን?

ሰኔ 28

ይመኙሻል አንድ ሸክም ሣር ስታጭድ ተያዘች። ጣራዋ እያፈሰሰ ልጆቿን አላስተኛ ብሏት ነው። በአባባ ጊዜ ቢሆን ሣሩን ቀምተው፣ ተቆጥተው ይሰዷት ነበር።

ወንድምአገኝ ሽማግሎቹ መሀል ተቀመጠ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ጣራዋ የተከደነው በጓሳው ሣር ነው። አውርዱት።»

በዚህ ዝናብ! ቀበሌው እንደሆነ «በባህላችሁ ጨርሱ» ብሎ እጁን ታጥቧል። ጋሼ ወዳጆ ራሳቸው ደነገጡ።

«ማስፈራራቱ ይበቃል ልጄ። ነገ ይቅር እንላታለን…»

«አሥራ ስምንት ሞልቶኛል፤ የእርስዎ ጊዜ አለቀ ጋሼ።»

እጁን ያዝኩት። «አባባ ቢኖሩ…» ብዬ ሳልጨርስ «የሉም» አለኝ። እጁን መንጭቆ ሄደ።

ሐምሌ 3

አወረዱት። ያወረዱትም እነዚያው በሠልስቱ አብረዋት ሲያጭዱ የነበሩት ናቸው። አንድ ሰው እምቢ ይላል ብዬ ነበር… አንድ እንኳ!

ይመኙሻልን ከነልጆቿ እኛ ዘንድ እንድትጠለል ብለምናት «ደጃችሁን አልረግጥም» ብላ በዝናቡ ወደ ዘመሮ መንገድ ገባች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ትንሹን አዝላ።

ሐምሌ 19

ጓሳው ላይ ማጭድ የሚያነሳ ጠፋ። ሣሩም አማረበት። ሽማግሎቹ «ይሄ ነው ዳኛ!» ይላሉ፤ ሲሉ ግን ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ጋሼ ወዳጆ ከመጡ ሰነበቱ።

ዛሬ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ወንድምአገኝ ገባ። ሳላስበው ብድግ አልኩ። አዝዬ ላሳደግሁት ለታናሼ!

«ተቀመጪ እንጂ እትዬ» አለኝ።

እሱ እስኪቀመጥ ቆሜ ጠበቅሁ።