የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

የጠዋቱ ቆጠራ፦ የረገፈ መስታወት ሦስት፣ የተቀጠቀጠ ማሽን አራት፣ ግንባሬ ላይ ስፌት ሰባት።

ውድ ታናሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ስለ ስፌቱ አትደንግጥ፤ ድሮም መልኬን አይቶ የሚገዛኝ ደንበኛ አልነበረም።

"ቅዳሜ መጥቼ ለፖሊስ መርማሪው ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ" ያልከው መልእክት ደርሶኛል። ከመሳፈርህ በፊት ይህን አንብብ።

ሰኞ መቁረጫችንን ወደ ገዛው ካርቶን ፋብሪካ ሌላ ማሽን ላስረክብ ሄጄ ሳለ መብራት ጠፋ። ቆራጩ፣ ያ ሳቂታው ቀዩ፣ የተጣበቀ ካርቶን ሊያወጣ እጁን ከምላጩ ስር ከተተ። መብራት መጣ። ምላጩ ወረደ። አራት ጣቶቹን ከፍርፋሪው መሃል የለቀምኳቸው እኔ ነኝ፤ ገና ይሞቁ ነበር።

ትናንት በያጁ ወንድሙ ብረት ይዞ ሱቄ ገባ።

"ሴትዮ፣ የወንድሜን እጅ መልሺ!"

"ተቀመጥና እንነጋገር።"

"ልቀመጥ? እሱ በምን ይጎርሳል? በምላስሽ?"

መስታወቱን አረገፈው፤ ማሽኖቹን ፈለጣቸው። ጠጋኛችን ሊይዘው ቢሞክር ክንዱን ሰበረው። እኔንም ግንባሬን ብሎኝ፣ በደም የራሰ ጸጉሬን ጨምድዶ "ማን ነው የሠራው?" አለኝ።

ቶሎ አሰላሁ፤ አንተ ባሕር ማዶ ነህ፣ ብረቱ አይደርስብህም። "ፕሮግራሙ ነው፤ የጻፈው ወንድሜ ነው" አልኩ። ለመርማሪውም፣ ለአንተም ደገምኩት።

ውሸት ነው። የማሽኑ ሁለት ቺፖች አንድ የመልእክት መስመር እንደሚጋሩ አንተው ነህ ያስረዳኸኝ፤ አንዱ እጅ መኖሩን ያያል፣ ሌላው ምላጩን ያወርዳል። የየራሳቸው መጥሪያ ሽቦ አላቸው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ተጠርተዋል፣ ከፍ ሲል ዝም ይላሉ። መብራት ሲመጣ ፕሮግራምህ አስቀድሞ አንደኛውን "እጅ አለ?" ይለዋል። በዚያች ቅጽበት የምላጩን ሽቦ ቮልቴጅ ከፍ አድርጋ የምትይዘው ያቺ የሩዝ ፍሬ የምታህል የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሬዚስተሯ፣ ብቻ ናት። "እትዬ፣ እሷን እንዳትተዪ" ብለህ በቀይ ጽፈህልኝ ነበር። ዕቃው አለቀብኝ፣ ማስረከቢያው ደረሰ፣ ሰሌዳው ላይ ቦታዋን ባዶ ትቼ ሸጥኩ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሠራ። መብራት አጥፍቼ ማብራት ግን አላሰብኩም። ሽቦው ያለ ያዥ ቀርቶ፣ ለሌላው የተላከውን ጥያቄ የምላጩ ቺፕ ትእዛዝ ብሎ ሰማው።

ትናንት ማታ ቀዩን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። "እህቴ፣ አንቺንም ደበደቡሽ?" ብሎ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ማሽን ለገዙት ስድስት ደንበኞች ደውዬ ማሽኖቹን አስቁሜያለሁ። ቲኬትህን መልስ። በያጁ እንደገና ከመጣ በሩ ክፍት ነው።

አምላክ ጣቶችህን ይጠብቅልህ፤ ዐሥሩንም።

እትዬ

ነገ፦ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪው ቢሮ። የማሽኑን ሰሌዳ ከነባዶ ቦታው፣ በቀይ የጻፍክበትንም ወረቀት ይዞ መሄድ።