ማይክሮዌቩን ወደ ፊት ሳብ አድርጊው

ረቡዕ ጠዋት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2006

ጀንነት፣

ተኩሱ ከጀመረ ወዲህ ስጠብቅሽ ነበር። ድልድዩ ሲዘጋ ከወንዙ ማዶ ጉምቦ እንደቀረሽ ገብቶኛል፣ ስልክሽ ግን አይሠራም። ሙደሲር በመኪናው በዬይ መንገድ ወደ ኡጋንዳ ሊወጣ ነው፣ አብሬው እሄዳለሁ፤ በር ላይ ቆሞ ክላክስ እያደረገ ነው።

ውሃ በሁለቱም በርሜል ሞልቻለሁ። ጀነሬተሩን ብዙ አታስነሺው፣ ድምፁ ሰው ይጠራል።

ማይክሮዌቩን ከማብራትሽ በፊት ከካቢኔው ወደ ፊት ሳብ አድርጊው። እዚያ ውስጥ እንደተወሸቀ ከሠራ ከኋላው አየር አያገኝም፣ ይግላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ እንጂ የሚገጠም አይደለም።

አንቺ አናጺ ጠርተሽ ካቢኔውን ያስቆረጥሽው ለሚገጠመው ነበር። "ቤታችን አይደል እንዴ፣ ይገጠም" ብለሽ። እኔ ከሱቅ ስመለስ "ባለሱቁ የሚገጠም ማፊ አለኝ፣ ጭራሽ የለውም" አልኩሽ።

ነበረው። እዚሁ ድረስ መጥቶ ሊገጥምልን ሁሉ ነበር።

የተገጠመ ነገር ነቅሎ መሄድ ያስቸግራል ብዬ ነው። ያኔ ጦርነት የሚባል ወሬ እንኳ አልነበረም። አንቺ መጋረጃ ስትመርጪ እኔ ለመሸከም የሚመቸውን እመርጥ ነበር። ለምን እንደሆነ—

ጠራኝ።

የእኔ ቁልፍ የሩዙ ጣሳ ውስጥ ነው።

ሙደሲር ቅድም ገብቶ ማይክሮዌቩን አየና "ቦታ አለ፣ ጫኚው" አለኝ።

"የሚገጠም ነው፣ አይነቀልም" አልኩት።

ሉባባ