ዳሚ የሰጠችኝ አምስት ቀን

ጳጉሜን 1 ቀን 1977፣ ዓርብ

ሊሄዱ ነው። ዳሚ ዛሬ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆማ ነገረችኝ። ጎሳቸው ከብት ላለቀበት ሰው ሲያዋጣ ለባሏ ለገልገሎ ሦስት ላም ደርሶታል። ከበልጉ ዝናብ ወዲህ ሊበን ሜዳ ላይ ሣር አለ። የመስከረም አንድ ለታ ይነሳሉ።

«አስቴርስ?» አልኳት።

«እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ አባ አስቴር።»

አስቴር ልጄ ናት፤ ዓመት ከስምንት ወሯ። እናቷ አለሚቱ እሷን በወለደች በሦስተኛው ቀን አረፈች። ያን ጊዜ ዳሚና ገልገሎ ከብታቸው አልቆ ከተማው ዳር ሰፍረው ነበር። ዳሚ የራሷን ሕፃን ከቀበረች ሳምንት አልሞላትም፤ ጡቷ ግን ወተት ነበረው። አስቴርን ታቅፋ የወሰደችላት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ናት። ከዚያ ጎጇቸውን ከአጥሬ ጀርባ ቀለሱ፤ ልጄም እዚያው አደገች።

ዳሚ ያለችው ይህ ነው። አምስት ቀን አለ። ቀን ቀን እርስዎ ጋ ትዋል። ከለመደች ትቀራለች። ካልለመደች ይዣት እሄዳለሁ፤ እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ።

እሺ አልኩ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

ገበያ። የበዓል ልብስ የሚያሰፋው ሰው በረንዳዬን ሞልቶት ዋለ። ከተራረፈው ቢጫ ፖፕሊን ለአስቴር ቀሚስ ቆረጥኩ። እኔ ሜትር ብዙ አላወጣም፤ ሰው ደረጃዬን ሲወጣ አይቼ ነው የምቆርጠው። ነገሌ ውስጥ በዚህ ያውቁኛል፣ እኔም ትንሽ እኮራበታለሁ።

ሰፍቼ ላለብሳት ስል በጭንቅላቷ አላልፍ አለ። ክንዷም አልገባ አለ። ተንፈራፈረች፤ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። እትዬ ዘይነባ ከሱቋ ሆና ስታይ ኖሯል።

«ወልዴ! ይኼ ለልጅቷ ነው ለድመቷ?»

በረንዳው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ሰው ሲቀንስ ቀሚሱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አየሁት። የስድስት ወር ሕፃን ልብስ ነው። እጄ አልተሳሳተም። ዓይኔ ውስጥ ያለችው ልጅ ያቺ ናት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም ማለት ነው፤ እዚህ አጥር ጀርባ ያለችውን።

ጳጉሜን 3፣ እሁድ፣ ሩፋኤል

ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። አገር ቤት ዛሬ ዝናብ ከጣለ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይወጣሉ። እዚህ ሰማዩ ነጭ ነው፤ አቧራ። የእኛ ዝናብ ገና ነው። ነገሌ ላይ አዲስ ዓመት በደረቁ ነው የሚገባው። አለሚቱ ይህን እስክትሞት አልለመደችውም።

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፍ። ለዳሚ እህሉን በአጥር ላይ ነበር የማቀብላት። አንድ ቀን ልጅቷን አምጪልኝ ብዬ አላውቅም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እንኳ ዓይኔን አሞኛል ብዬ ዳር ቆምኩ። እሷ ባትመጣ አለሚቱ ትኖር ነበር የሚል ሐሳብ ነበረኝ። በሕፃን ላይ ቂም ያዝኩ። ይኸው ጻፍኩት።

የዛሬ ውሎዋ። ሽሮውን ተፋች። ገንፎውን በጣቷ ነካክታ ለዶሮ ሰጠች። ውሃ ጠጣች። ሦስት ጊዜ «አዮ» ብላ አለቀሰች፤ እናቴ ማለቷ ነው፣ ዳሚን። አስቴር ብዬ ስጠራት አትዞርም። የስፌት መኪናውን ፔዳል ግን ወደደችው። እግሬ ሲያቆም ትቆጣለች። ሰንበት ስለሆነ ክር ሳላስገባ ባዶውን ረገጥኩላት። እግዚአብሔር ይህን እንደ ሥራ አይቆጥርብኝም መሰለኝ።

ጳጉሜን 4፣ ሰኞ

አመለጠችኝ። የአንድ አስተማሪ ሱሪ ስቆርጥ ዞር ብል የለችም። ወደ መንገዱ ሮጥኩ፤ የጭነት መኪና ያልፋል። ከዚያ ወደ ጓሮ። ዳሚ ጎጆ ውስጥ አገኘኋት፤ ጡት ይዛለች።

ገልገሎ በሩ ላይ ተቀምጦ በትር ይልጋል።

«ናጋ?» አለኝ፤ ሰላም ነው ማለቱ ነው።

«ናጋ» አልኩ እያለከለክሁ።

«መቀሱን እንኳ አስቀምጠህ ና እንጂ! እኔም ፈራሁህ።»

መቀሱ እጄ ላይ ነው ለካ። ቀጠለ፤ «እኛ ጋ ወተት ትጠጣለች። አንተ ጋ ምን ልትጠጣ ነው? የመኪናህን ዘይት?»

ሳቅን። ግን እውነቱን ነው። አየኋት፤ ስትጠባ የእግሯን ጣቶች ታንቀሳቅሳለች። እኔ ጋ አንድ ቀን እንዲያ አላደረገችም።

ትሂድ። ወስኛለሁ። የምትጠግበው እዚያ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እንዲህ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ስለ እሷ ብዬ ነው ወይስ ልገላገላት? መለየት አቃተኝ። ጸሎት ላይ ቆሜም አልለይ አለኝ።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሄጄ «ውሰጃት» አልኳት። ዳሚ ሥራ እንዳላት ሁሉ ቁርበቱን ማጠፍ ያዘች።

አስቴር ሮጣ መጥታ ጭኗ ላይ ወጣች። ጡቷን ያዘች፣ ወዲያው ተፈናጥራ ተፋች፣ ጮኸች። ደግማ ሞከረች። ደግማ ተፋች። ዳሚ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያታለች። ያን ጊዜ ሸተተኝ። ሬት ነው። ጡቷን ሬት ቀብታዋለች።

«ምነው ዳሚ?»

«አምስት ቀን ያልኩዎት እንደማይችሉ አውቄ ነው» አለች። «ይዣት ልሄድ ነበር። ለገልገሎም ነግሬዋለሁ። ትናንት ግን ሲሮጡ አየሁዎት። ጫማ አላደረጉም ነበር።»

ጫማ አለማድረጌን እኔ አላስታውስም።

«አንድ መቃብር እዚህ ትቼ ነው የምሄደው» አለች ደግሞ። «ልጅ ከአባቷ ነጥቄ አልሄድም። ይውሰዷት አሁን፣ ሳልታጠበው።»

ወሰድኳት። እስከ ቤት ጮኸች፤ ደረቴን በቡጢ መታችኝ። ከሰዓት ዳሚ ወተት ላከች። አስቴር ከኩባያ ግማሹን ጠጣች። ግማሹን ሸሚዜ ጠጣው።

መስከረም 1 ቀን 1978፣ ረቡዕ

ዘመነ ማርቆስ። እንኳን አደረሰን።

ማልደው ሄዱ፣ ሳትነቃ። እንዲያ እንዲሆን የለመነችኝ ዳሚ ናት። ገልገሎ ዝናቡ ሲጥል ይዣት እንድመጣ የሚሰፍሩበትን የውሃ ጉድጓድ ስም ነግሮኛል፤ ሊበን ውስጥ ማንም ያሳይሃል አለ። ለዳሚ ምን ልስጣት? ነጠላዬን ሰጠኋት፤ የማይረባ ነገር።

ቀኑ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም። እትዬ ዘይነባ ዳቦ ይዛ መጣች፤ «ዓመት ሙሉ በዳቦ ያኑራችሁ» ብላ መረቀችን። አስቴር ከነቃች ወዲህ አራት ጊዜ ወደ ጓሮ ሄዳለች። ከጎጆው የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው። መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ከብት ጋ ሄደች» አልኳት በኦሮምኛ። ዳቦ ሰጠኋት፤ አፈር ላይ ጣለችው፤ ቆይታ አንስታ በላችው።

ረፋዱ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በረንዳው ላይ ወጣ። ረጅም፣ ካፖርት የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፤ ሱሪ ሊያሳጥር። አስቴር አይታው ደነገጠች። ለመሮጥ ዞረች። ወደ ጓሮ ትሄዳለች ብዬ ነበር። መጥታ የሱሪዬን እግር በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ፊቷን ቀበረችበት።

ቀና ማለት ፈራሁ። ሰውየው ሲናገር ምን እንዳለኝ አልሰማሁም። ቁመቱን ለካሁት፣ በሜትር።

ሲሄድ ለቀቀችኝና ወደ ጓሮ ተመለሰች። አምስተኛ ጊዜዋ መሆኑ ነው። አሁን እዚያው የአጥሩ ጥላ ሥር ተኝታለች፤ አጠገቧ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ዝንብ እያባረርኩ።

ዓመቱን ባርክልኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓመቱ በዛብኝ። ነገን ብቻ ለመንኩ።