የሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ጉዳይ

ውድ ወንድሜ የኔሰው፣

የአባታችንን ቤት ስንካፈል በሽማግሌ ፊት «በልተኸኛል» ብዬህ ከቢቸና ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። አራቱንም ዓመት ስልክህን አላነሳሁም። ዛሬ የምጽፍልህ ያንን ቃሌን ለማንሳት ነው፤ በስልክ ብሞክረው አለቅስና ሳልጨርሰው እቀራለሁ።

እዚህ ሞጣ ቤት ልገዛ ነው። ሻጯ ወይዘሮ አምሳለች «የአርባ ቆርቆሮ ቤት ነው» አሉኝ። አባታችንም ቤቱን የሚጠራው በቆርቆሮው ቁጥር ነበርና አርባ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ደግነቱ ግንባታ የሚያስተምረውን ባልደረባዬን ባንተአምላክን ይዤ ነበር። ሜትሩን ዘርግቶ በውስጥ በኩል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካና ሠላሳ ካሬ እንኳ አልሞላም አለኝ።

«አርባው ቆርቆሮስ?» አልኩት።

«እሱ ጣራው ነው። በረንዳውንም፣ ጠፈጠፉ የሚወርድበትንም ይሸፍናል። አንቺ አልጋሽን ጠፈጠፍ ሥር አትዘረጊ።»

ወይዘሮ አምሳለች ተቆጡ። እኔ ግን የእሳቸውን ቤት ትቼ የእኛን ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ቆርቆሮ ቆጥረው ሠላሳ ሁለቱን ለአንተ፣ ሃያ አራቱን ለእኔ ሲሉ፣ ወለሉን ልለካ ያለ ሰው አላየሁም።

ቅዳሜ ሜትሩን ተውሼ ቢቸና መጣሁ። አንተ ደጀን ሄደህ ነበር። ሚስትህ ሥርጉት ምንም ሳትጠይቀኝ ጫፉን ያዘችልኝ። ቆልፌው የሄድኩት የእኔ ወገን አሥራ ዘጠኝ ካሬ ሆነ። የአንተ፣ በሁለት በኩል የዞረው በረንዳ ሲቀነስ፣ አሥራ ስድስት። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁት። አራቱ ልጆችህ እዚያ ውስጥ ተጣበው ይተኛሉ።

«የኔሰው ይህን ያውቃል?» አልኳት።

«ያኔውኑ በእርምጃ ለክቶታል» አለችኝ። «‹ንገራት› ስለው፣ ‹ሰፊው ከደረሳት ምን አስለፈለፈኝ› አለኝ።»

አፈርኩ። ተናደድኩብህም፤ አራት ዓመት ሙሉ ስሳሳት ዝም ብለህ ማየትህ አሁንም ያናድደኛል።

የሞጣውን ቤት የውስጡ ካሬ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አልፈርምበትም፤ ለሱ አታስብ። የቢቸናውን ቁልፌን ለሥርጉት ሰጥቻታለሁ፣ ልጆቹ ይተኙበት። በግትርነቴ በሁለታችን ወገን መሀል ያስመረግሁትን ግድግዳ ፈንቅልና በር አውጣለት። ለፋሲካ ስመጣ የምገባው በዚያ በር ነው።

የበደለችህ እህትህ፣
ይርጋነሽ
ሞጣ