የተቆለፈው የሊሊስ አበባ

ለወንድምጋሼ ለኡንዳንግ፤ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል? ሳልህስ ለቀቀህ? ባለቤትህና ሕፃኑስ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። የእማ ቀኝ እጅ አሁንም ይንቀጠቀጣል እንጂ ምግብስ ትበላለች። ደህና ነን ማለቴም ለወጉ ነው፤ በጣም ተቀይሜሃለሁ።

ታናሻችን ሊሊስ ከኢድ በኋላ ታገባለች። እማ እኛ ሴቶቹ ስንወለድ ለየራሳችን አበባ ስላ ለሰርጋችን ታስቀምጥ እንደነበር ታውቃለህ። የኔ ተጠልፎልኝ ተድሬበታለሁ፤ የሊሊስ ግን ገና ጨርቅ አልነካም። ከኩባንያህ የጥልፍ ማሽኑንና የኮምፒውተር ፕሮግራሙን ይዘህልን የመጣህ ጊዜ «ወረቀት ምስጥ ይበላዋል፤ እዚህ ውስጥ ግን ለልጅ ልጅ ይቀመጣል» ብለህ አበባውን አስገባህላት። እማም አምናህ አበባው የተሳለበትን፣ በመርፌ የተበሳሳውን ወረቀት ለጎረቤታችን ለእትዬ ኦቾህ ሰጠቻት፤ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ ጠቀለለችበት።

አሁን ማሽኑ ተቃጠለና ከሌላ ፋብሪካ ገዛን። ፕሮግራሙ ግን የናንተን ማሽን ካላገኘ አበባውን በዓይናችን እንኳ አያሳየንም። ፋይሉን ለሌላ ማሽን የሚቀይርልን የባንዱንግ ከተማ ሰዎች የሠሩት ፕሮግራም ነበር፤ እሱንም ኩባንያችሁ ገዝቶ ዘጋው። ለኩባንያችሁ ብደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና «አበባውማ የእናትዎ ነው፣ እመቤቴ፤ መክፈቻው ግን የኛ ነው። የኛን ማሽን ይግዙ» አለችኝ። ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

እማ እርሳስ ይዛ ልትስለው ሞከረች። እጇ እምቢ ሲላት ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። እትዬ ኦቾህ ደግሞ «አንቺ፣ ልጅሽ ሲንጋፖር ቁጭ ብሎ አበባሽን ቆለፈብሽ እንዴ? ምነው ያኔ ቴምፔውን በጋዜጣ በጠቀለልኩት!» ብላ ልታስቃት ሞከረች። ማንም አልሳቀም።

ማሽን ጠጋኙ የነገረኝን ግን ለእማ አልነገርኳትም። መቆለፊያው ፕሮግራሙ ሲሠራ ጀምሮ የታሰበበት ነው፤ እዚያ ኩባንያ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል አለኝ።

ባለቤቴ ያያ ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ ለሕፃኑ ስሞሽ ልከዋል። ሊሊስም ሰላም ብላሃለች፤ ቀሚሷን ያለ ጥልፍ፣ ባዶውን አሰፍታዋለች። እማ ግንባርህን ስማ «ልጄ አላወቀም፤ ቢያውቅ እናቱን እንዲህ አያደርግም ነበር» ብላ ጻፊለት አለችኝ።

ታውቅ ነበር? ለእሷ አልነግራትም፤ ለኔ ግን ንገረኝ።

እህትህ ኢይስ

ካዋሉ፣ ታሲክማላያ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025