ከጊቤ በጆንያ የመጣ አፈር

በአዛኙና በሩኅሩኁ በአላህ ስም። እኔ ዘይቡ አባ መጫ፣ የሟቹ የሾፌር ሙሐመድሳኒ ሚስት፣ በጅማ ከተማ በሒርማታ ገበያ ኮረሪማ እየሸጥኩ የኖርሁ፣ ዛሬ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም. በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ተናግሬአለሁ። ያበጠው እግሬ ነው እንጂ ልቤ አልሳተም።

ቃሌን የሚጽፍልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው ዓምደሚካኤል ነው። የምለውን ሁሉ፣ ቁጣዬንም ጭምር፣ ሌላው ሰው የሚመልስልኝንም ሳያስቀር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። «ቁጣ በኑዛዜ ላይ አይጻፍም እኮ፣ እማማ» ብሎኝ ነበር። የኔ ይጻፋል።

አንደኛ፤ ቤቴን በሚመለከት። ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከትርፍ ቤት አዋጁ በኋላ የቀረልኝ መኖሪያዬ ነው። ልጆቼ ጀማለዲንና ኩልሱም በሸሪዓው መሠረት ይካፈሉት፤ ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ። የአላህን ክፍፍል እኔ ዘይቡ አላርምም። የስፌት መኪናዬን ግን ሰቃ ከተማ ያለችው ልጄ ኩልሱም ትውሰድ። ወንድሟ በምስክሮቹ ፊት «ትውሰድ» ብሏል። ይህን ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞርም ቃሉ ተሰምቷል።

ሁለተኛ፤ ዕዳዬን በሚመለከት። የሰው ገንዘብ የለብኝም፤ አልሐምዱሊላህ። ያለብኝ የጎረቤቴ የትርፌ የብረት ትሪ ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ብዬ ተውሼ የኤሊዎቼ ውኃ መጠጫ አደረግሁት። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ኤሊ ይገለበጥና ይሰምጣል፤ የትርፌ ትሪ ግን ልክ ሆነላቸው። ይመለስላት ብዬ ስናዘዝ ትርፌ ከተቀመጠችበት ሆና «ተዪው በናትሽ! ኤሊ ሲርመሰመስበት የኖረ ትሪ ምን ላደርገው ነው?» አለች። ይኸውም ይጻፍልኝ፤ ዕዳው በምስክር ፊት ተሰርዟል።

ሦስተኛ፤ ኤሊዎቼንና ቅጥራቸውን በሚመለከት። ይህን ሁሉ ሰው ዛሬ የሰበሰብኩት ለዚህ ነው፤ የቀረው ለወጉ ነው።

ሙሐመድሳኒ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጨው ጭኖ ሲመለስ በጊቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ ኤሊ መንገድ ስታቋርጥ አየ፤ ለካ ወንድ ነበር። የጫነ ትሬንታ ኳትሮ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ወረደ። ረዳቱ «አብደሃል እንዴ! ለዚህ ነው የምታስቆመን?» ቢለው «እሱም መንገደኛ ነው» አለው። ረዳቱ ተቆጥቶ በሌላ መኪና ሄደ፤ ኤሊው በረዳቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጅማ ገባ። እኔም «የሰው ባል ከመንገድ ሽንኩርት ይዞ ይገባል፤ አንተ ድንጋይ ታመጣልኛለህ?» አልሁት። ስሙንም ረዳት አልነው። በኋላ እንስቲቱን ሙሽሪትን አመጣ፤ ከዚያም ጀርባዋን የመኪና ጎማ የሰነጠቃትን ቁስለኛዋን። ሰፈሩ «የዘይቡ ድንጋዮች» ይላቸዋል። ይበል።

አያያዛቸውን የተማርነው በስሕተት ነው። መጀመሪያ በቀርከሃ አጠርንላቸው፤ በቀዳዳው ውጭው ስለሚታያቸው ቀኑን ሙሉ አጥሩን እየገፉ አፍንጫቸው ተላጠ። ቀጥሎ በድንጋይ አራት ማዕዘን ሠራን፤ ማዕዘኑ ውስጥ ተወሽቀው አንዱ በሌላው ጀርባ እየወጣ ያመልጥ ጀመር። በመጨረሻ ሙሐመድሳኒ እንደ አውድማ ክብ አድርጎ እስከ ጉልበት ገነባው፤ ቆፋሪዎች ናቸውና መሠረቱንም ወደ ውስጥ አጠለቀው። በምዕራብ በኩል የቆርቆሮ መጠለያ አለ፤ በምሥራቅ በኩል የጧት ፀሐይ ያገኛቸዋል።

እንቁላሉ ግን እምቢ አለን። ሙሽሪት በጣለች ቁጥር የጅማ ቀይ ጭቃ ውኃ ይይዝና ይበሰብስባታል። ይህን ጊዜ ሙሐመድሳኒ ከጊቤ በተመለሰ ቁጥር አሸዋማ አፈር በጆንያ ያመጣ ጀመር። በኬላ «ምንድን ነው የጫንከው?» ይሉታል። «አፈር» ይላል። ማን ያምነዋል! ያስፈቱታል፣ በዘንግ ይወጉታል፣ አፈር ሆኖ ያገኙታል። በምሥራቁ በኩል ዘቅዘቅ አድርጎ ከመረው። ሙሽሪት አዲሱን አፈር ሳትለምድ ዓመታት አለፉ፤ እሱም አንድ ግልገል ሳያይ ሞተ። ሊሞት ሲል እንኳ «ዘይቡ፣ አፈሩን አደራ» ብሎኛል። ወላሂ፣ በዚህ ዱንያ እንደሱ የወደድሁት ሰው የለም።

ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ ሙሽሪት ወደ ጊቤው አፈር ወጣች፤ በኋላ እግሮቿ ቆፈረች፤ ጣለች፤ መልሳ ደፈነች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ቁራና እንቁላል የሚሰርቀው ፋሮ እንዳይደርስበት በላዩ እሾህ ከመርሁበት፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ እገልጠዋለሁ።

አራተኛ፤ የባሌን የወንድም ልጅ ቲጃኒን በሚመለከት። ይህን እሾህና ይህን ቆርቆሮ አይቶ፣ ጧት ማታ ስጠብቅም አይቶ፣ «ዘይቡ ቡና ቀብራለች» ብሎ ለቀበሌ ተናገረ። ቡና ደብቆ መገኘት በዚህ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደግሞ የጅማ ልጅ ሆኖ! ቡና እርጥብ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እንደሚሻግት እንዴት ይጠፋዋል? ገብቶ «አክስቴ፣ ምንድን ነው?» ቢለኝ አሳየው ነበር። ለቲጃኒ አካፋዬን ትቼለታለሁ፤ በራሱ ጓሮ ይቆፍርበት።

ሊቆፍር የተላከው የአብዮት ጥበቃው ፈይሳ ነበር። ጥቂት እንደ ቆፈረ «ሀንቃቁ! ኧረ እንቁላል ነው!» ብሎ አካፋውን ጣለ። አብሮት የመጣው አዛዡ «ከሥሩ ይኖራል፣ ቀጥል!» አለው። ፈይሳም «ከሥሩ ቢገኝ እኔ ልጠየቅ፤ እናት ያስቀመጠችውን አላወጣም» አለ። ጠመንጃውን ግንቡ ላይ አስደገፈና ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይመልስ ጀመር። የኤሊ እንቁላል ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። እኔ «እንዳትገለብጠው!» እያልሁ ስጮህ፣ እሱ «እሺ አዴ፣ እሺ፣ አልገለብጥም» እያለ ጨረሰ።

አምስተኛ፤ ስለዚህ ኤሊዎቼን ለፈይሳ ተናዝዣለሁ።

ይህን በተናገርሁ ጊዜ ዓምደሚካኤል ብዕሩን አነሣ። «እማማ፣ ፈይሳ እኮ ምስክር ሆኖ ነው የተቀመጠው። ምስክር አይወርስም» አለ።

«ይነሣ እንግዲህ!» አልሁ። ፈይሳ ደንግጦ ተነሣና በሩ አጠገብ ቆመ። በእሱ ፋንታ አናጢው ቱሉ ተጠርቶ ተቀመጠ፤ ያለፈውም ቃሌ እንደገና ተነበበለት። ፈይሳም ከበሩ ሆኖ «አዴ፣ የምኖረው በአንድ ክፍል ነው። የት ላኑራቸው?» አለ። ባሉበት ያኖራቸዋል፤ ጧትና ማታ ሊገባ ይችላል፤ ማንም በር አይዘጋበት።

ልጄ ጀማለዲን ታዲያ አላስቻለውም። «እኔስ፣ እማ? ሚስቴ ልትወልድ ነው። በአንድ ክፍል እንዴት እንሁን? በምሥራቅ በኩል፣ አፈሩ ባለበት፣ አንዲት ክፍል ልቀጥል ብዬ ድንጋይ አምጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ድንጋይህን በመስኮት አየዋለሁ።»

«ደግሞም መሬቱ የመንግሥት ነው። መሬት መናዘዝ አትችይም፤ ዓምደሚካኤልን ጠይቂው።»

ዓምደሚካኤልም «እውነቱን ነው፣ እማማ» አለ።

እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁ፤ ቃል በቃል ይጻፍ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አልከራከርም። ያ አፈር ግን መሬት አይደለም። በጆንያ ታስሮ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በኬላ ተፈትሾ የገባ ዕቃ ነው። ከናንተ መካከል መሬት በኬላ ሲፈተሽ ያየ አለ? ዕቃ ደግሞ ይወረሳል።

ዓምደሚካኤል «ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» ብሎ ተጨነቀ። እንዳልሁት ጻፈው አልሁ። የመስጊዳችን ኢማም ሼህ ሙዘይን ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆዩና «አፈሩም ግንቡም ሸሪዓው ለኑዛዜ ከፈቀደው የንብረቷ ሲሶ አይበልጥም። ለወደደችው ትናዘዘው፤ ሐላሏ ነው» አሉ።

ስለዚህ ግንቡ፣ ቆርቆሮውና የጊቤው አፈር ለፈይሳ ነው። ግልገሎቹ እስኪወጡ ድረስ በዚያ አፈር ላይ ማንም አይቆፍርም፣ ማንም ድንጋይ አይከምርም። ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስላቸው ራሳቸው ቆፍረው ይወጣሉ፤ በበልጉ ካልወጡ ክረምቱን ጠብቁ። ከወጡ በኋላ ፈይሳ አፈሩን ወደ ምዕራብ ያዛውረው፤ ጀማለዲንም በቦታው ክፍሉን ይሥራ። ልጄን ሜዳ ላይ ልጥለው አይደለም፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ ነው ያልሁት። ትርፌ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም? ጠብቅ እንግዲህ!» ብላ ቀለደችበት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጀማለዲን አልሳቀም።

ለፈይሳ ምክሬ ይህ ነው። ሣር፣ የዱባ ቅጠልና ቁልቋል ስጣቸው። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ወቅጠህ በትንበት፤ ለጀርባቸው ነው። እንጀራና የበሰለ ነገር ጎረቤት ቢያመጣልህ አመስግነህ ተቀበልና አንተው ብላው። ረዳት ቍጡ ነው፤ ሴቶቹን ሲገፋ ለይተህ አስቀምጠው።

ስድስተኛ፤ ቀብሬን በሚመለከት። ሁላችሁም ኑዛዜ የሚነበበው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ይህች ሴት ምን አስቸኰላት ትሉ ይሆናል። ኑዛዜ ከቀብር በኋላ ይነበባል፤ የለቅሶ ድንኳን ግን በሞት ዕለት ይተከላል። ሙሐመድሳኒ የሞተ ዕለት የዕድር ሰዎች ካስማውን የት እንደመቱት እኔ አላየሁም፤ እያለቀስሁ ነበር። ኋላ ስወጣ የድንኳኑ ገመድ በግንቡ ላይ አልፎ ካስማው የጊቤው አፈር ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ያን ጊዜ እንቁላል አልነበረም። በእኔም ቀን ልጆቼ ያለቅሳሉ፤ ማንም አያይም። ከቀበሌ አካፋ የተረፈውን የኔው ለቅሶ እንዲወጋው አልፈልግም። ሳልሞት የተናገርሁት ስለዚህ ነው። ድንኳኔ በዚህ ግቢ አይተከልም።

ጀማለዲን እስከ ዛሬ ስለ ሞቴ ባነሣሁ ቁጥር «አትበይ እማ» ብሎ ወጥቶ ይሄድ ነበር። ዛሬ አልወጣም። «ታዲያ የት እንትከለው?» አለኝ።

«ከመንገዱ ማዶ፣ ትርፌ ደጅ።»

ትርፌ «ደጄ ክፍት ነው» አለች፤ እሷም አልሳቀችም።

ልጄ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግሬን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚህ በላይ የምናዘዘው የለኝም።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በምስክሮቹ ፊት ተነቦልኝ፣ ያልሁት ሁሉ መሆኑን ሰምቼ፣ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ። ከዚህ በፊት የተናገርሁት ሌላ ኑዛዜ ቢኖር ፈርሷል።

ተናዛዥ፦ ዘይቡ አባ መጫ (የጣት አሻራ)

ምስክሮች፦
ሼህ ሙዘይን፣ የመስጊዳችን ኢማም (ፊርማ)
ወይዘሮ ትርፌ፣ ጎረቤት (ፊርማ)
መምህር ገብረሥላሴ፣ ጎረቤት (ፊርማ)
ቱሉ፣ አናጢ፣ በፈይሳ ፋንታ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ዓምደሚካኤል (ፊርማ)

ከዚህ በታች ያለው ምስክሮቹ ከፈረሙ በኋላ፣ ተናዛዥዋ ፈቅደው፣ በልጃቸው እጅ የተጻፈ ነው፦

ምስክር አይደለሁም፤ ልጅ ነኝ። ድንጋዬን ነገ ከግቢው አወጣለሁ። ካስማውን ከመንገዱ ማዶ በገዛ እጄ እመታለሁ፤ ለማንም አልሰጥም። ጀማለዲን ሙሐመድሳኒ።